ቀይ ዱቄትና መተማመን

ዛላ በርበሬ ሳይፈጭ በፊት ስለ ራሱ ብዙ ይናገራል። ቀለሙ ገርጥቶ እንደሆነ፣ ጫፉ ጠቁሮ እንደሆነ፣ ቆዳው ሳስቶ እንደሆነ ገዢ በዓይኑ ያያል። ጨብጦ ሲያንኮሻኩሸው መድረቁን በጆሮው ይሰማል፤ ሰብሮ ሲያየው ውስጡ የሻገተ ከሆነ ይገለጥለታል። ከተፈጨ በኋላ ግን ይህ ሁሉ ምስክርነት ያበቃል። የዘንድሮውና የአምናው፣ ንጹሑና የሻገተው፣ በርበሬውና በርበሬ ያልሆነው ሁሉ አንድ ቀይ ዱቄት ይሆናሉ። ሰው በቤቱ ለሚያበስለው ምግብ ቅመም ሲመርጥ የሚያሳየው ጥንቃቄ፣ ኩራትና ጥርጣሬ በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ቅመም ተሰውሮ ወደ ወጥ የሚገባ፣ ከገባም በኋላ ተለይቶ የማይወጣ ነገር ነው። አንድ ሕዝብ በርበሬውን እንዴት እንደሚያሰናዳ ሲታይ፣ ዓይኑ የማይደርስበትን ነገር ለማመን ምን መንገድ እንዳበጀ አብሮ ይታያል።

በርበሬም ሆነ ፓፕሪካ የሚባለው የሀንጋሪ ቀይ ዱቄት ከአንድ ተክል፣ ከቃሪያ፣ ፍሬ የሚሠሩ ናቸው። ተክሉ የተገኘውና ለማዳ የሆነው በአሜሪካ አህጉር፣ በተለይም በሜክሲኮ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ክሪስቶፎር ኮሎምበስ ባሕር ተሻግሮ እስከ ደረሰበት ጊዜ ድረስ ከዚያ አህጉር ውጭ ማንም ሰው ቃሪያ ቀምሶ አያውቅም። መርከበኛው ይፈልግ የነበረው በዚያ ዘመን በውድ ዋጋ የሚሸጠውን ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ ያገኘው ሌላ ነገር ሆነ። ቁንዶ በርበሬ ሞቃትና ዝናባማ አገር ይፈልጋል፣ በነጋዴ እጅ ይዞራል፤ ቃሪያ ግን ፍሬው ከደረሰበት ሁሉ በጓሮ ይበቅላል። ለዚህም ነው በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ከስፔን እስከ ሕንድ፣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ቻይና የተዳረሰው። ሀንጋሪ የደረሰው በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ሲሆን መጀመሪያ የመኳንንት አትክልት ቦታ ጌጥ ነበር። ቁንዶ በርበሬ ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው ገበሬዎችና እረኞች ከጌቶቻቸው ቀድመው ወጥ ውስጥ ጨመሩት።

በኢትዮጵያም ከዚያ በፊት የነበረው ማእድ ቃሪያን አያውቅም ነበር። የሚያቃጥል ጣዕም የሚገኘው ከደቡብ ምዕራቡ ጫካ ከሚለቀመው ጥምዝ፣ ከዝንጅብልና በንግድ ከሚመጣው ቁንዶ በርበሬ ሲሆን፣ ሽታው ደግሞ የዚያው ጫካ ልጅ ከሆነው ከኮረሪማ ነበር። እነዚህ ሁሉ ዛሬም በበርበሬው ውስጥ አሉ፤ እንግዳው መጥቶ መሐላቸው ተቀመጠ እንጂ አላባረራቸውም። ስለዚህ የአገር መለያ ተደርጎ የሚታየው ቀይ ዶሮ ወጥ፣ ዛሬ ባለው መልኩ ዕድሜው ቢበዛ አምስት መቶ ዓመት ነው ማለት ነው። ይህ እውነት ክብሩን አይቀንሰውም። ዘሩ ከየትም ይምጣ፣ አንድ ምግብ የራስ የሚሆነው ትውልድ በትውልድ ላይ በደከመበት ልክ ነው፤ በዚህ ሚዛን ከተለካ ደግሞ ከበርበሬ ይልቅ የራስ የሆነ ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

በርበሬን ለማመን መጀመሪያ የሚቸገረው ሰውነት ነው። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ የሚነካው ጣዕም የሚለዩ ሕዋሳትን ሳይሆን ሙቀትና ሕመም የሚያስተላልፉ ነርቮችን ነው። ተመራማሪው ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ ካፕሳይሲን የሚከፍተው የነርቭ በር ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ሙቀት ሲነካው የሚከፈተው ያው በር ነው። ጁሊየስ በ2021 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ የሆነው በዚህ ሥራው ነው። ምላስ እንግዲህ “ተቃጠልሁ” የሚለው በእውነት የእሳት መልእክት ደርሶት ነው፤ እሳቱ ግን የለም። ወፎች ይህን መልእክት አይሰሙም፤ ፍሬውን ውጠው ዘሩን ሳይጎዱ ሩቅ ይጥሉታል። ዘሩን በጥርሱ የሚያደቅቀው አጥቢ እንስሳ ግን ይሸሸዋል፤ ተክሉም ያቃጠለው እንዲሸሸው ነው።

ሰው አልሸሸም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፖል ሮዚን በሜክሲኮ መንደር ባደረገው ጥናት ልጆች ቃሪያን የሚለምዱት ተገደው ሳይሆን፣ ታላላቆቻቸው በደስታ ሲበሉት እያዩ ቀስ በቀስ መሆኑን ተመልክቷል። በኢትዮጵያ ቤትም መንገዱ ይኸው ነው። ሕፃን በአልጫ ይጀምራል፤ ቀጥሎ በቀይ ወጥ ጠርዝ የተነካካ እንጀራ ይቀምሳል፤ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ሁለተኛ ይጠይቃል። ሰውነቱ “አደጋ አለ” ይለዋል፣ በገበታው ዙሪያ የተቀመጡት ደግሞ በፊታቸው “አይዞህ” ይሉታል። ልጁ ከራሱ ነርቭ ይልቅ ሰዎቹን ያምናል። የቅመም ፍቅር የሚባለው ነገር ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጣዕም ከመሆኑ በፊት መተማመን ነበር።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ዱቄቱን ማን ሠራው የሚል ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው የቆየ መልስ ግልጽ ነው፤ የቤት እመቤት ራሷ። ክረምቱ ወጥቶ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ከማረቆ፣ ከአላባ ወይም ከጎጃም የመጣው ዛላ ተመርጦ ይገዛል፤ የዓመት ቀለብ ነውና ምርጫው ቀላል አይደለም። ወደ ቤት ሲገባ የሻገተውና የነጣው ይለቀማል፣ እንጨቱ እየተቀነጠሰ ይወገዳል። ፍሬው ሁሉ ይግባ ወይስ ይቀነስ የሚለው ከቤት ቤት ይለያያል። ፍሬው ሲበዛ ቀለሙ ይፈዛል፤ የማቃጠሉ ኃይል በአብዛኛው የሚገኘው ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው በፍሬው ሳይሆን ፍሬውን በያዘው ነጭ ሥጋ ላይ ነው። ከዚያ ዛላው ፀሐይ ይሰጣል፣ በሙቀጫ ሸክሸክ ተደርጎ ይወቀጣል፣ ድለዛው ይጀመራል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላና ጤና አዳም ተወቅጠው ርጥብ እንዳሉ ከበርበሬው ጋር ይደለዛሉ፤ ድልዙ ታፍኖ ያድራል፣ አንዳንድ ቤት ብዙ ቀን ይቆያል። የታፈነበት ምክንያት ደረቁ በርበሬ የርጥቡን ቅመም ጭማቂ ጠጥቶ እንዲዋሐድ ነው። እንደገና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ለብ ለብ ተደርገው የታመሱት ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ አብሽ፣ ቅርንፉድ፣ እንዲሁም ጨው ይጨመሩበታል።

ወደ ወፍጮ ቤት የሚኬደው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ጥንቃቄውም ጫፍ የሚደርሰው እዚያ ነው። የበርበሬው ባለቤት ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቀው ከእርሷ በፊት ምን እንደተፈጨ ነው፤ በድንጋዩ መሐል የሌላ ሰው በርበሬ ወይም ሽሮ ይቀራልና። ጥቂት አስቀድማ አስፈጭታ ወፍጮውን ታጥባለች። ከዚያ በኋላ እያስነጠሰች፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ ዱቄቱ ከሚወርድበት አፍ ሥር ዓይኗን ሳትነቅል ትቆማለች። ጥላ የሄደች ሴት የለፋችበትን ሳምንት ሁሉ ለማታውቀው ሰው ጥላ ሄዳለች። ወደ ቤት ይዛው የምትመለሰው ዱቄት እንደማንኛውም ዱቄት ዝም ያለ ነው፤ ልዩነቱ እርሷ ከዛላው ጀምሮ ምስክሩ መሆኗ ነው። ለጎረቤት፣ ለምራት፣ ለታረሰች እህት ስታካፍለውም የሚካፈለው ይህ ምስክርነት ነው። “የእገሌ በርበሬ” ሲባል የሚነገረው የጣዕም ምስጋና ብቻ አይደለም፤ የሰው ስም ከዱቄት ጋር ተያይዞ ዋስ ሆኗል።

ዱቄቱ ድስት ሲገባ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የበርበሬ ቀለምም፣ የማቃጠል ኃይልም፣ አብዛኛው ሽታም በውኃ አይሟሟም፤ የሚያወጣው ስብ ነው። በዚህም ምክንያት ሁለት ሩቅ ማጀቶች ሳይተዋወቁ አንድ መሠረት ላይ ቆመዋል፤ ሽንኩርት፣ ስብ፣ ቀይ ዱቄት። የሚለያዩት እሳቱን በሚይዙበት አኳኋን ነው። ፐርከልት የሚባለውን የሥጋ ወጥ የሚሠራ ሀንጋሪያዊ ሽንኩርቱን በአሳማ ስብ ካበሰለ በኋላ ድስቱን ከእሳት ያወርዳል። ፓፕሪካውን ነስንሶ ፈጥኖ ያማስላል፣ ወዲያው ሥጋውን ወይም ውኃውን ይጨምራል፣ ከዚያ ወደ እሳቱ ይመልሰዋል። ፓፕሪካ ስኳር አለው፤ በጋለ ስብ ላይ ጥቂት ሰኮንድ ከቆየ ይቃጠላል፣ ይጠቁራል፣ ይመራል። በሀንጋሪ ማጀት የጀማሪ መለያው ይህን አለማወቅ ነው።

ቁሌት ግን የሚሠራው በተቃራኒው ነው። በደቃቁ የተከተፈ ብዙ ሽንኩርት መጀመሪያ ያለ ዘይት ይቁላላል፤ ውኃውን ጨርሶ ቡናማ መሆን ሲጀምር ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከዚያም በርበሬው ይገባል። ድስቱ ከእሳት አይወርድም። ይልቁንም በርበሬው ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ እየተደረገ፣ ማማሰያው ሳያርፍ፣ ለረጅም ጊዜ ይበስላል። ጠብ የምትለዋ ውኃ ሙቀቱን ከመቃጠያው በታች ትይዘዋለች፤ ጊዜው ደግሞ በድለዛ የገባውን ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ መራራውን አብሽ ሁሉ ያበስላል። ባለሙያዋ የምትጠብቀው ምልክት ሁለት ነው፤ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ መጥፋቱና ስቡ ቀይ ሆኖ ከላይ መንሳፈፉ። ሀንጋሪያዊው በርበሬውን ከእሳት በፍጥነት ያድነዋል፤ ኢትዮጵያዊቷ በእሳት ላይ እያለ በትዕግሥት ትጠብቀዋለች። የዶሮ ወጥ ጣዕም ያለው በዚህ ትዕግሥት ውስጥ ነው፤ ያልበሰለ ቁሌትን በኋላ የሚጨመር ቅቤም ሆነ መከለሻ አያድነውም።

አልጫም በዚሁ ሚዛን መታየት ይኖርበታል። ብዙ ሰው አልጫን በርበሬ የጎደለው ወጥ አድርጎ ያስበዋል፤ ይህ በደል ነው። በአልጫ ውስጥ የሥጋው ትኩስነት፣ የቅቤው ጥራት፣ የሽንኩርቱ ብስለት መደበቂያ የላቸውም። እርድና ዝንጅብል ያጅባሉ እንጂ አይሸፍኑም። ቀይ ወጥ የቅመሙን ሠሪ አምኖ የሚበላ ሲሆን አልጫ የሚበላው ሁሉንም እያየ ነው። 

ዱቄቱን ማን ሠራው ለሚለው ጥያቄ ሀንጋሪ የመረጠችው መልስ ሌላ ነበር። በሴገድ ከተማ የፓልፊ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1859 ነጩን ሥጋና ፍሬውን ከፓፕሪካ መለየት የሚያስችል ዘዴ አመጡ። ማቃጠልና ቀለም ከዚያ ወዲህ ተለያዩ፤ ሠሪው እንደ ፈለገ ጣፋጩንም የሚያቃጥለውንም አዘጋጅቶ መሸጥ ቻለ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዘራቸው የማያቃጥሉ ዓይነቶች በካሎቻ አካባቢ ተዳቀሉ። ዱቄቱ በደረጃ ተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም ወጣለት፣ ጥራቱን የሚመረምር ተቋም ተቋቋመ። እናት በእጇ የምትሰጠውን ዋስትና ማኅተም ተካው። ሳይንቲስቱ አልበርት ሴንት-ጆርጂም በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሴገድ ዩኒቨርሲቲ ሲሠራ፣ የአካባቢው ፓፕሪካ በቫይታሚን ሲ እጅግ የበለጸገ መሆኑን አግኝቶ ከአንድ ኪሎ በላይ ንጹሕ ቫይታሚን አወጣ፤ በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የጓሮ ተክል በሳይንስ መመስከሩ ለአገሩ ሰው ኩራት ሆኖ ቀርቷል።

ስፔን ውስጥ በላ ቬራ ሸለቆ የሚሠራው ዱቄት ደግሞ ጭስ ጭስ ይላል። ምክንያቱ የአየር ጠባይ ነው፤ የመከር ወቅቱ ዝናብ ፀሐይ ስለሚከለክል ገበሬዎቹ ፍሬውን በኦክ እንጨት ጭስ ያደርቁታል፣ በየቀኑም በእጅ ያገላብጡታል። ከችግር የተወለደው ሽታ ዛሬ የዱቄቱ መታወቂያ ነው።

የሀንጋሪው ዓይነት ማኅተም ግን ሊዋሽ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሀንጋሪ የተፈጨ ፓፕሪካ ቀይ እንዲሆን የእርሳስ ኦክሳይድ ተቀላቅሎበት ብዙ ሰዎች ተመረዙ። በ2004 እንደገና፣ ከውጭ የመጣ ርካሽ ፓፕሪካ ከአገሩ ጋር ተደባልቆ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ስለተገኘበት ሽያጩ ለጊዜው ታገደ። በዚያው ሰሞን በአውሮፓ ገበያ ሱዳን በሚባል የኢንዱስትሪ ማቅለሚያ የቀላ የቃሪያ ዱቄት ተገኝቶ፣ በ2005 በብሪታንያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ወርደዋል። በእርሳሱም በሱዳን ማቅለሚያውም የተደረገው አንድ ነገር ነው፤ ሰው በርበሬን በቀለሙ እንደሚያምን ያወቀ ሻጭ ቀለሙን ሸጠለት። በኢትዮጵያ ከተሞችም የተፈጨ ሸክላ በበርበሬ ተቀላቅሎ ተሸጠ የሚለው ወሬ በተደጋጋሚ የሚሰማው፣ ሸማቹም የሚደነግጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሻጋታው ከሁሉ የከፋ ነው፤ አይታይምና። ዛላው እንዳይሰባበርና ሚዛን እንዲያነሣ ገበያ ላይ ውኃ የሚረጭበት ጊዜ አለ፤ በቂ ሳይደርቅም በማዳበሪያ ይታጨቃል። በእርጥበቱ የሚያድገው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበትን ለካንሰር የሚዳርግ መርዝ ነው፣ በወጥ እሳትም አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት በበርበሬ ውስጥ የሚፈቅደው ጠቅላላ መጠን በኪሎ ከ10 ማይክሮግራም አይበልጥም። እዚህ ላይ የእናቶች ሥርዓት ሲመረመር ጥበቡ ይታያል። የሻገተውን መልቀም፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከድለዛ በኋላ እንደገና ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ዱቄቱን በደረቅና በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ሁሉም ከዚህ መርዝ ይከላከላሉ። ድልዙን ርጥብ እንዳለ አፍኖ ብዙ ቀን ማቆየት ግን በዝናብ ወቅት ከሆነ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ ልማድ ስለሆነ ብቻ ከምርመራ ሊያመልጥ አይገባም።

የእናቶች ዋስትና ውድ ዋጋም አለው፤ ከፋዮቹም ሴቶች ብቻ ናቸው። በርበሬ ስትቀነጥስና ስትደልዝ የዋለች ሴት እጇ ሲያቃጥላት ያድራል፤ ካፕሳይሲን በውኃ አይለቅምና መታጠብ አያስታግሰውም፣ ቅቤ ወይም ዘይት መቀባት ይሻላል። ሳሉና ማስነጠሱ፣ ፀሐይ ጥበቃው፣ የወፍጮ ቤቱ ወረፋ አለ። በቢሮ ሥራ የምትውል፣ ደጅ በሌለው ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት ይህን ሁሉ እንድታደርግ መጠበቅ አግባብ አይደለም፤ የተዘጋጀ በርበሬ ስለገዛች ሙያ እንደሌላት መቁጠር ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። በየሰፈሩ የተከፈቱት የባልትና ሱቆች የዚህ ለውጥ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹን የከፈቱት በሙያቸው ስም ያወጡ ሴቶች ናቸው፤ ጎረቤት ያመነውን እጅ ለከተማው ሸጡ። ደንበኛም የሚመርጠው በፓኬቱ ሥዕል ሳይሆን “የእርሷ በርበሬ እንዴት ነው?” ብሎ ጠይቆ ነው።

ከአገር ውጭ ይህ መተማመን ርቀት ይጨመርበታል። ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ፣ ወደ ሪያድ በሚሄድ መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ የማይጠፉት ሱቅ ጠፍቶ አይደለም፤ በእነዚያ ከተሞች የተፈጨ በርበሬ ይሸጣል። የተላከው ዱቄት ዋጋ ያለው የእናት ምስክርነት ስላለበት ነው። በሌላ በኩል በውጭ አገር በሚታተሙ የምግብ መጻሕፍት ውስጥ የበርበሬ አሠራር ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ፓፕሪካን ከሚያቃጥል ቃሪያ ዱቄትና ከቅመማ ቅመም ጋር መቀላቀል ነው። ድለዛ የለበትም፣ ቁሌቱም ጣዕሙ ሌላ ይሆናል፤ ሆኖም መናቅ የለበትም። በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤቶችም ቅላቱ ሳይጠፋ ማቃጠሉ እንዲቀንስ፣ ለልጆች ሲሉ፣ ከአገር ቤት በመጣው በርበሬ ላይ ጣፋጭ ፓፕሪካ የሚጨምሩ አሉ። ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ከአንድ አህጉር ተነሥተው በሁለት መንገድ የሄዱት ዱቄቶች በአንድ ድስት የሚገናኙት በዚህ መልክ ነው።

አብዛኛው ከተሜ በርበሬውን ከሱቅ መግዛቱ አይቀርም፤ ስለዚህ እናት በዓይኗ ታየው የነበረውን ነገር ፓኬት ሊናገር ይገባዋል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው የአምራቹን ስም፣ ክብደቱንና የአገልግሎት ዘመኑን ነው። ሊናገር የሚገባው ዛላው በየት ወረዳ እንደበቀለ፣ በየትኛው ዓመት እንደተለቀመ፣ መቼ እንደተፈጨ፣ በውስጡ ምን ቅመም እንዳለና ስንት እጁ በርበሬ እንደሆነ፣ ለአፍላቶክሲን ተመርምሮ ውጤቱ ምን እንደነበረ ነው። ይህን ለመጻፍ ደግሞ አምራቹ ከዛላው ጀምሮ ቆሞ ማየት ይኖርበታል።